ጋቢ በማሽን

ጋቢ በማሽን አይታጠብም። ይህን የማያውቅ አበሻ የለም። ጋቢ በሳፋ ይነከራል፣ በእግር ይረገጣል፣ ሁለት ሰው ወዲያና ወዲህ ሆኖ ይጠመዝዘዋል፣ ገመድ ላይ ይሰጣል፣ ጎረቤትም «ምነው፣ ድግስ አለ እንዴ?» ብሎ ይጠይቃል። ሕጉ ይኸው ነው። እኔም ሕጉን አሳምሬ አውቅ ነበር። አውቄ ነው ያጠፋሁት። ሳያውቅ ያጠፋ ይመከራል፤ አውቆ ያጠፋ ምን እንደሚደረግ አላውቅም፤ እኔን ግን የመከረኝ ውሃ ነው።

«ታዲያ እያወቅክ ለምን ከተትከው?» ትሉኝ ይሆናል። ቆይ እንጂ፣ አትቸኩሉ። በዚህ ወሬ ውስጥ እኔ የቸኮልኩት ለሁላችንም ይበቃል።

መጀመሪያ ቤቱን ልንገራችሁ። የምኖረው አያት ኮንዶሚኒየም ግራውንድ ላይ ነው። ዕጣ የወጣ ቀን «ግራውንድ ደረሰህ» ሲሉኝ፣ ከእንግዲህ ጀሪካን ተሸክሜ ደረጃ አልወጣም ብዬ እልል ያልኩ ሰው ነኝ። ከላይ ያለ ነገር ሁሉ አንድ ቀን ወደ ታች እንደሚወርድ ያኔ የነገረኝ የለም። ሰፈራችን ውሃ የሚመጣው በፈረቃ ነው። ፈረቃውን የሚያውቀው ደግሞ ውሃው ራሱ ብቻ ነው። ሲመጣ ታዲያ ብሎኩ በሙሉ ያብዳል። አንሶላው፣ መጋረጃው፣ ምንጣፉ፣ ልጁ ሳይቀር ይታጠባል። ውሃ በመጣ ቀን የማያጥብ ቤት ካለ ሰው የሞተበት ወይም ቁልፍ የጠፋበት ነው።

ቤት ውስጥ ያለነው እኔና እህቴ ትርሲት ብቻ ነን። አባትና እናታችን ተከታትለው ሲለዩን እሷ ቦርሳዋ ከሷ የሚበልጥ ተማሪ ነበረች። እኔ ደግሞ ገና መሥሪያ ቤት የተቀጠርኩ፣ ክራቫት ማሰር የማልችል ጎረምሳ። ወጥ መሥራት ሞከርኩ፤ አልሆነልኝም፤ ትርሲት እስከ ዛሬ ድረስ ምስር ስታይ ዓይኗን ትጨፍናለች። ልብስ ማጠብ ግን ሆነልኝ። ዩኒፎርሟን ማታ አጥቤ፣ ጠዋት ያልደረቀችውን አንገትጌ በካውያ አድርቄ እልካታለሁ። አሁን ትርሲት የላቦራቶሪ ባለሙያ ናት፤ ልብሷን የማጥበው ግን አሁንም እኔ ነኝ። አንድ ጊዜ እሷ ልታጥብ ገብታ ነጭ ሸሚዜን ሐምራዊ አድርጋ አወጣችልኝ፤ ከዚያ ወዲህ ማሽኑን አላስነካትም። የሥራ ጓደኞቼ «ወንድ ልጅ ልብስ ያጥባል እንዴ?» ሲሉኝ «እኔ መች አጠብኩ፣ ማሽኑ ነው» እላቸዋለሁ። በዚህ ክርክር ያሸነፈኝ የለም። ያገባችኝም የለችም።

እንግዲህ ይህች እህቴ ገመቹ ከሚባል ልጅ ጋር ተዋወቀች። መንገድ የሚሠራ መሃንዲስ ነው። ሰላም ሲለኝ መሬት መሬት ስለሚያይ መጀመሪያ የጠፋበት ነገር ያለ መስሎኝ አብሬው ፈልጌአለሁ። ጥሩ ልጅ ነው። ይህ ነው እንግዲህ ያናደደኝ። ክፉ ቢሆን ምክንያት አገኝ ነበር። ልጁ አንድ ቀን «እሑድ ሽማግሌ እልካለሁ» አለ።

ቅዳሜ ትርሲት ፊት ለፊቴ መጥታ ተቀመጠች።

«ጋሼ፣ አንድ ነገር ልለምንህ» አለችኝ። ጋሼ የምትለኝ ልጅ ሆና አስለምጃት ነው፤ እርጅናዬ የጀመረው ከዚያ ሳይሆን አይቀርም። «ነገ ሽማግሌዎቹ ሲመጡ እሺ በላቸው።»

«እሺማ እላለሁ። በሁለተኛው።»

«የምን ሁለተኛ?»

«ትርሲትዬ፣ ሴት ልጅ በመጀመሪያው ቀን አትሰጥም። ሽማግሌ መጥቶ፣ ቆሞ፣ ለምኖ፣ ‹እንመክርበታለን› ተብሎ፣ ተመልሶ፣ እንደገና መጥቶ ነው። አባባ ቢኖር እንዲህ ነበር የሚያደርገው።»

«አባባ ቢኖር በመጀመሪያው ቀን ሰጥቶ ለጥ ብሎ ይተኛ ነበር! ስማኝ እንጂ ጋሼ። ትልቁ ሽማግሌ የገመቹ አጎት ጋሽ ቶሎሳ ናቸው። ‹ጉልበቴን አመመኝ፣ ወገቤን ያዘኝ› እያሉ ስንቴ አራዘሙብን መሰለህ። ከእንጦጦ ማርያም ግርጌ የሚወርዱት በስንት ልመና ነው። ደግሞ ‹እኔ አንድ በር ሁለቴ አላንኳኳም› ብለዋል። ገመቹ ያለሳቸው ምርቃት አያገባም። ነገ ከመለስካቸው አለቀ፤ አለቀልኝ።»

ዓይኗ እንባ አቀረረ። እኔ ምን አልኳት? «እናያለን» አልኳት። «እናያለን» የምትለዋን ቃል በጣም እወዳታለሁ። እሺም አይደለችም፣ እምቢም አይደለችም፤ የመሥሪያ ቤቴ አለቆች በሙሉ ያደጉት በሷ ነው። ትርሲት በሩን ዘግታ ገባች። እኔም መስታወት ፊት ቆሜ ንግግሬን ተለማመድኩ፤ «መልካም። የመጣችሁበትን ሰምተናል። ቤተ ዘመድ ይመክርበትና መልሱን እናሳውቃለን።» ቤተ ዘመድ ማለት እኔ ነኝ።

እሑድ ጠዋት ውሃ መጣ።

አሁን ወደ ጋቢው ደርሰናል። የአባት ምትክ ሆኖ ሽማግሌ የሚቀበል ሰው በኮት ይቀበላል? በኮት ብቀበላቸው ባንክ ብድር ሊጠይቁ የመጡ ይመስላቸዋል። ጋቢ ያስፈልጋል። ጋቢ ደግሞ አለኝ፤ ወፍራም፣ አዲስ፣ እንደ ልብ ያልለበስኩት። ግን ደረቱ ላይ የሽሮ ጠብታ ነበረበት። ጠብታዋን በጣቴ አሸት አሸት ባደርጋት ደህና ነበር። እኔ ግን ቸኮልኩ። በሳፋ ብነክረው ማን ይጠመዝዝልኛል? ትርሲት አኩርፋለች። ማሽኑ ግን አላኮረፈም። ጠቅጥቄ ከተትኩት።

ማሽኑ ውሃ ሰጠው። ጋቢው ጠጣ። ማሽኑ ጨመረለት። ጠጣ። እንዲህ ሲጠጣጡ ቆይተው መጭመቂያው ሰዓት ሲደርስ ማሽኑ አንዴ ግርርር አለና ከቦታው ተነሳ። ቀልድ አይምሰላችሁ፣ ተነስቶ ሄደ። ከመታጠቢያ ቤቱ ጥግ ተነስቶ እየዘለለ ወደ በሩ መጣ። እኔ ምን ላድርግ? ወጥቼ ተቀመጥኩበት። ግራ እጄ ቧንቧውን፣ ቀኝ እጄ የበሩን እጀታ ይዞ ስንገጫገጭ ትርሲት በሩን ከፈተች።

«ጋሼ! ምን እየሠራህ ነው?»

«እ-እያጠ-ጠብኩ!»

«እየጋለብክ ነው እንጂ!» ብላ፣ ኩርፊያዋንም ረስታ፣ ሳቋ መጣ። በመሳቋ ደስ ብሎኝ እጀታውን ለቀቅኩት። ማሽኑ ጣለኝ።

ሲቆም ጋቢውን አወጣሁት። ግማሹ ሳስቷል፤ ዳርና ዳሩ ላይ ያለው ፈትል የለም። የት ሄደ? ወለሉን ሳይ ገባኝ። የማሽኑ ፍሳሽ በሚገባባት ቀዳዳ ዙሪያ ነጭ ውሃ ቆሟል፤ ጥጡ ሁሉ እዚያ ነው። ቀዳዳዋ ታፍናለች። ጉሮሮዋ ላይ ጋቢ ያለባት ቀዳዳ ከኔ በፊት በአያት ታይታ አታውቅም።

ቧንቧ ሠራተኛ ጋ ደወልኩ። «መጣሁ መጣሁ፣ መገናኛን አልፌአለሁ» አለኝ። ከኋላው ግን ወያላው በከተማው ሌላኛው ጫፍ «ጀሞ! ጀሞ!» እያለ ይጣራል። እሑድ ቀን ሰው ከቤቱ ጉዳይ አለበት ብዬ ተውኩት። ስልኬን ከፍቼ ቪዲዮ አየሁ። አንድ ፈረንጅ አቼቶና ቤኪንግ ፓውደር ጨምሮ እጁን አጣጥፎ ፈገግ ይላል። እኔም ጨመርኩ፤ እጄን አጣጥፌ ፈገግ አልኩ። ቀዳዳዋ አረፋ ደፈቀች፤ ዳቦ ዳቦ ሸተተች፤ ውሃው ግን ንቅንቅ አላለም። የፈላ ውሃ ጨመርኩ፤ የጨመርኩት ሁሉ መልሶ የኔው እግር ላይ መጣ። ከዚያ የሽቦ ልብስ መስቀያ ዘርግቼ ሰደድኩ። ነካ አደረገ፣ ያዘ፣ ስስበው እምቢ አለ። ሽቦውም እዚያው ቀረ። አሁን ጋቢ ብቻ አይደለም፣ መስቀያውም ገብቷል፤ ቁም ሳጥኑ ነው የቀረው።

የቀረኝ ንዴት ብቻ ነበር። የመወልወያውን እንጨት አንስቼ፣ ጫፉ ላይ ጨርቅ ጠቅልዬ፣ ባለ በሌለ ኃይሌ ገፋሁት። አልሄድም አለ። ደግሜ ገፋሁት። ጧ! አለና ሄደ። ጨርቁም ሄደ። ውሃው ጉርጉር ጉርጉር ብሎ ተንጠፍጥፎ አለቀ። ወለሉ ታየ! ያን ጊዜ የተሰማኝን ኩራት አልነግራችሁም። በእርጥብ ቁምጣዬ ትከሻዬን እየነቀነቅኩ ሳሎን ገባሁ። «ትርሲት፣ ቧንቧ ሠራተኛውን አትምጣ በዪው!» አልኳት።

«መች ሊመጣ ነበርና» አለችኝ።

እንግዲህ እኔ የማላውቀው ነገር፣ ቀዳዳዋን አልከፈትኳትም ነበር። ጉዱን ገፍቼ ከላይ ያሉት ቤቶች ሁሉ ፍሳሻቸውን በሚያወርዱበት ትልቁ ቱቦ ውስጥ ነበር የሸጎጥኩት። ልክ መገናኛው ላይ። ከላይ ደግሞ ሁሉም እያጠበ ነው።

ሽማግሌዎቹ ሊመጡ ጥቂት ሲቀራቸው፣ ጋቢዬን እንደረጠበ ለብሼ ስዘጋጅ፣ ከመታጠቢያ ቤቱ ድምፅ ሰማሁ። ብሉቅ። ሄጄ አየሁ። ቀዳዳዋ መልሳ ትተፋለች። የኔ ሳሙና ነጭ ነው፤ የምትተፋው ግን ሰማያዊ ነው። የሰው ሳሙና ነው። ሮጬ ወጥቼ ግቢው መሃል ቆሜ ወደ ላይ ጮህኩ።

«ኧረ እባካችሁ! ውሃ አትልቀቁ!»

የሦስተኛ ፎቅ ጎረቤታችን እትዬ የሺ በረንዳቸው ላይ ምንጣፍ እየፈተጉ ነበር። ቁልቁል አዩኝ። «ምን አልክ አንተ?»

«ውሃ አይልቀቁ እትዬ የሺ! እኔ ቤት ነው የሚወጣው!»

«ስንት ቀን ጠብቄ በመጣ ውሃ አትልቀቂ ትለኛለህ? ጤና የለህም እንዴ ልጄ?» ካሉ በኋላ ልብሴን ልብ ብለው አዩት። «ደግሞ እርጥብ ጋቢ ለብሰህ! ና ግባ፣ ብርድ ይመታሃል!»

«እርስዎ ይግቡ፣ ምንጣፉን ይተዉት!» ብዬ እጄን ወደ ሰማይ ዘርግቼ ስጮህ፣ ከኋላዬ ሰው ጉሮሮውን ጠረገ። ዞርኩ። ሦስት ሽማግሌዎች ቆመዋል።

ፊት ያሉት ጋሽ ቶሎሳ እንደሆኑ ሳይነገረኝ አወቅኩ። ረጅም፣ ቀጥ ያሉ፣ ፂማቸው የነጣ፣ ከዘራቸውን የማይደገፉበት ሰው ናቸው። ከጎናቸው ነጭ ጥምጥም ያደረጉት መምሬ ላቀው ናቸው። ሦስተኛው አቶ በየነ የሚባሉ፣ አዲስ ቡኒ ጫማ ያደረጉ ዝምተኛ ሰው ናቸው።

«ሰላም ለዚህ ቤት» አሉ መምሬ። ከጋቢዬ ጫፍ ጠብ ጠብ የሚለውን ውሃ አዩና «ጠበል ነበርክ ልጄ?» አሉኝ።

«አዎ አባ» አልኩ። ለምን እንዳልኩ አትጠይቁኝ።

አስገባኋቸው። ትርሲት እንደ ወጉ ጓዳ ገብታ በሩን ገርበብ አድርጋለች። «አረፍ በሉ» አልኩ።

«አንቀመጥም» አሉ ጋሽ ቶሎሳ። «የመጣንበት ጉዳይ ሳይሰማ፣ መልስም ሳናገኝ አንቀመጥም።»

ይህንንም አውቅ ነበር። ሊለምን የመጣ ሽማግሌ ቆሞ ነው የሚናገረው። ቆመው ሦስቱም ተደረደሩ፤ እኔም ከፊታቸው ቆምኩ። ጋሽ ቶሎሳ ጀመሩ። ከዘር ጀመሩ። ከአያት ወደ ቅድመ አያት፣ ከቅድመ አያት ወደ እንጦጦ ዛፍ፣ ከዛፉ ወደ ሰው ልጅ ሥር፣ ከሥሩ ወደ ፍሬው እያሉ ቀስ ብለው ይመጣሉ። ደስ የሚል አማርኛ ነው፤ መሃል መሃል ላይ ኦሮምኛ ጣል ያደርጉበታል። ልሰማቸው ፈለግሁ። ግን ከኋላቸው፣ በመታጠቢያ ቤቱ በር ሥር፣ አንድ የሳሙና አረፋ ብቅ አለ። ተከተለው ሌላ። ተከተለው ውሃ።

ውሃው ሳሎኑን በእርጋታ ይጎበኘው ጀመር። ጠረጴዛው ሥር ገባ፣ ወጣ፣ የአቶ በየነ ቡኒ ጫማ ጋ ደረሰ። አቶ በየነ ቁልቁል አዩ። አንዱን እግራቸውን አነሱ። ጋሽ ቶሎሳ ገና አባይ ላይ ናቸው፤ «አባይን የሚያህል ወንዝ ሲጀምር ምንጭ ነው» እያሉ ነው። መምሬ ቀሚሳቸውን ትንሽ ሰብሰብ አደረጉና «ልጄ፣ ይህ ውሃ…» አሉ።

«ምንም አይደለም አባ። ቤቱ ትንሽ እርጥበት አለው።»

ከላይ እትዬ የሺ ምንጣፋቸውን ጨርሰው በርሜሉን ደፉት መሰለኝ፣ ቀዳዳዋ አንዴ ጉርርር ብላ ዘረገፈችው። ትንሽ እርጥበቱ ቁርጭምጭሚት ደረሰ። ጋሽ ቶሎሳ ከአባይ ወጥተው ቁልቁል አዩ። «ያ ዋቃ!» ብለው አምላካቸውን ጠሩ። ግን አልተንቀሳቀሱም። ንግግራቸውን ከቆመበት ቀጠሉ። «እንግዲህ… የናንተን ልጅ ለልጃችን ለገመቹ እንድትሰጡን ልንለምን ነው የመጣነው። መልሳችሁን እንጠብቃለን።»

አንባቢዬ፣ ያን ጊዜ «ሰጥቻለሁ» ብል ሁሉም ወንበር ላይ እግሩን ሰብስቦ ይቀመጥ ነበር። እኔ ግን ግትር ነኝ። ውሃ ላይ ቆሜ፣ ውሃ ለብሼ፣ ደረቴን ነፍቼ «መልካም…» አልኩ። «የመጣችሁበትን ሰምተናል። ቤተ ዘመድ…»

«ጫማዬ!» አሉ አቶ በየነ። የዚያን ቀን የተናገሩት ይህቺን ብቻ ነው። ያወለቁት አንዱ ጫማ ወደ ኮሪደሩ እየሄደ ነበር።

ይኼኔ የጓዳው በር ተበርግዶ ትርሲት ወጣች። የምትጠየቅ ልጅ ሽማግሌ ፊት አትወጣም፤ ወጉ ነው። ወጉ ግን ዋና አይችልም። የሐበሻ ቀሚሷን እጅጌ እስከ ክንዷ ሰብስባ፣ በመካከላችን አልፋ፣ መታጠቢያ ቤት ገባችና ጎንበስ አለች። ሁላችንም ተከትለናት ገባን። ሁላችንም አዋቂ ሆንን። መምሬ «መጀመሪያ ማማተብ ነው» አሉ፤ አማተብን። ጋሽ ቶሎሳ «ምንጭ ሲደፈን ከላይ ነው የሚከፈተው» ብለው ከዘራቸውን ሰደዱ፤ ከዘራው ተሰካ፤ ታግለው አወጡት። እኔ «አቼቶ ይጨመርበት» አልኩ። ሁሉም ጀርባውን ሰጠኝ።

«ያዝኩት!» አለች ትርሲት። ከላይ የመጣው ውሃ ጉዱን መልሶ ወደኛ ገፍቶት የመስቀያው ሽቦ ጫፉን አውጥቷል። ሳበች። እምቢ አለ። እኔ እሷን ከወገቧ ይዤ ሳብኩ። ጋሽ ቶሎሳ ከዘራቸውን ጥለው እኔን በጋቢዬ ሳቡ። መምሬ ጋሽ ቶሎሳን። አቶ በየነ ጫማቸውን ታቅፈው በአንድ እጃቸው መምሬን። «ሆ!» አሉ ጋሽ ቶሎሳ። «ሆ!» አልን። እንደገና «ሆ!» ስንል ፏ! ብሎ ወጣ፤ አምስታችንም በቂጣችን ውሃው ውስጥ ተቀመጥን። አልሳቅንም፤ ትርሲት የያዘችውን እያየን ነበር። ሽቦ፣ ጨርቅ፣ ከዚያም ረጅም፣ የተጎነጎነ፣ ሰማያዊ የነካው የጥጥ ገመድ።

«ይህ ምን የሚሉት ጉድ ነው?» አሉ ጋሽ ቶሎሳ።

«ጋቢዬ ነው።»

«የለበስከውስ?»

«የተረፈው ነው።»

ቀዳዳዋ ሹርርር እያለች ውሃውን ሁሉ ይዛው ሄደች። መምሬ ላቀው መሳቅ ጀመሩ። ሳቃቸው መታጠቢያ ቤቱን ሞላው። እኔም፣ ትርሲትም፣ አቶ በየነ ሳይቀሩ በአፍንጫቸው፣ እንባችን እስኪመጣ ሳቅን። ጋሽ ቶሎሳ ግን ግድግዳ ይዘው ተነሱ። ሱሪያቸውን ጠመዘዙ። የራሰ ጫማቸውን አውልቀው ባዶ እግራቸውን ሳሎኑ መሃል ሄደው ቀደም ሲል የነበሩበት ቦታ ላይ ቆሙ።

«ኑ፣ ቁሙ» አሉ። «መልሳችንን አላገኘንም።»

እንደገና ተደረደርን። ትርሲት አሁን ጓዳ አልገባችም፤ መታጠቢያ ቤቱ በር ላይ ቆመች። እኔም ያንኑ ንግግር ያዝኩ፤ ሌላ ንግግር መች አለኝ። «መልካም። ቤተ ዘመድ ይመክርበትና…» ስል ፊቷን አየሁት። ያን ፊት አውቀዋለሁ። ትንሽ ልጅ ሆና፣ ዩኒፎርሟ ሳይደርቅላት ሲቀር፣ እንዳታስቸግረኝ ብላ እርጥቡን ለብሳ የምትሄድበት ፊት ነው። እምቢም አትልም፣ አታለቅስም፤ ብቻ አንገቷን ደፍታ ታየኛለች። ንግግሬን ተውኩት።

የአባቴ ወግ አልነበረም። አባቴ እንዲህ ያለ ወግ አልነበረውም። ፈርቼ ነው። ከሷ ጋር ለብቻዬ የኖርኩበትን ቤት ያለሷ እንዴት እንደምኖርበት አላውቅም ነበር። ይህንን ሁሉ በሥነ ሥርዓት ልናገር አፌን ከፈትኩ፤ የወጣው ግን ሌላ ነው።

«እሷ ከሄደች የማንን ልብስ አጥባለሁ?» አልኩ።

እርጥብ ጋቢ ለብሶ፣ ሽማግሌ ፊት ቆሞ፣ ጢም ያለው ሰውዬ እንዲህ ሲል ይታያችሁ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ይለኝ ነበር። ትርሲት «ጋሼ…» ብላ አፏን በሳሙና እጇ ያዘች። አለቀሰች። እኔም አለቀስኩ፤ አላለቀስኩም ብል መምሬ ይመሰክሩብኛል፤ መሃረባቸውን የሰጡኝ እሳቸው ናቸው።

ጋሽ ቶሎሳ ወደኔ ጠጋ አሉ። ሊቆጡኝ ነው ብዬ አንገቴን ደፋሁ።

«ስማ ልጄ» አሉኝ። ድምፃቸው የቅድሙ የአባይ ድምፅ አልነበረም። «ገመቹን ያሳደግኩት እኔ ነኝ። ወንድሜ ሲሞት ይህን ያህል፣ ከጉልበቴ የማይበልጥ ነበር። ዛሬም ማታ የበሩን ድምፅ ካልሰማሁ እንቅልፍ አይወስደኝም። ጉልበቴን አመመኝ እያልኩ ያራዘምኩት… ጉልበቴ ደህና ነው። ወገቤም ደህና ነው።»

«ቶሎሳ!» አሉ መምሬ።

«ይስሙኝ መምሬ፣ ልናገረው። አንድ በር ሁለቴ አላንኳኳም ያልኩት፣ ትመልሰናለህ ብዬ ነው። እንደ ወጉ ዛሬ ትመልሰናለህ፣ እኔም ተቆጥቼ እቀራለሁ፣ ልጁም ከኔ ጋር ይቆያል ብዬ። ስመጣ መንገዱን ሁሉ ‹አምላኬ፣ ወግ የሚያውቅ ሰው ይግጠመኝ› እያልኩ ነው የመጣሁት።» ከዘራቸውን ፈልገው አጡትና እጃቸውን ሱሪያቸው ላይ ጠረጉ። «ገጠመኝ። ግን ልጅቷን አየኋት። ይበቃል ልጄ። ሁለታችንም እነዚህን ልጆች አስጨነቅናቸው። በል ስጠንና ልቀመጥ፤ እግሬ ቀዘቀዘ።»

ትርሲት መጥታ አጠገቤ ቆመች። እጄን ያዘችኝ።

«ሰጥቻለሁ» አልኩ። ድምፄ ስላልወጣ ደገምኩት። «ሰጥቻለሁ። እግዜር ይባርካቸው።»

«እሰይ!» ብለው መምሬ ላቀው ተቀመጡ። አቶ በየነም ጫማቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ተቀመጡ። ጋሽ ቶሎሳ ግን ወዲያው አልተቀመጡም። የወንበሩን መደገፊያ ይዘው፣ ወደ በሩ እያዩ፣ ትንሽ ቆሙ። እኔም ተቀመጡ ብዬ አላጣደፍኳቸውም።